ለቁልቁለት የተሠራ ብስክሌት

ብስክሌት ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው የደብረ ብርሃን የሜዳ ብስክሌት ነው፤ ልጆች በሰዓት እየተከራዩ የሚነዱት፣ አስተማሪው የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ የሚሳፈርበት፣ ደወሉ የሚያንቃጭል ለስላሳ ነገር። ፈረጅ የሚባለው ወጣት ብስክሌት ግን የዚያ ዘመድ አልነበረም። ጋሽ ወልደ ሰንበት በሚባሉ ሰው ጋራዥ ጥግ የወዳደቀ ብረት ሲለቃቅም ከርሞ፣ ከሞተ ሞተር ሳይክል ላይ የፊት እግሩን ከነሞላው ነቅሎ፣ ከአሮጌ የቻይና ብስክሌት ጋር በይዶ፣ ጎማውን ወፍራም መሪውን ሰፊ አድርጎ ያቆመው አንድ ጉድ ነበር። ድንጋይ ሲያገኘው ይሸበሸባል፣ ድንጋዩን ሲያልፍ ይዘረጋል። ሜዳ ላይ ሰነፍ ነው። ዳገት ላይማ ሰው ይሸከመዋል እንጂ እሱ ሰው አይሸከምም። የተሠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአንኮበር አፋፍ ወደ አልዩ አምባ ለሚወርደው ገደላገደል።

ሰሊሃ ይህን ሁሉ ያወቀችው በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማችው ጩኸቱን ነበር።

«ዘወር! ዘወር በሉ!»

የገበያ ቀን ነበር። የአባቷን በርበሬና ጥጥ አፋፉ ላይ ካለው የጎረቤላ ገበያ አድርሳ ስትመለስ፣ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀርታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ጠጠር እያራገፈች ነበር። ቀና ስትል አንድ ሰው ከነአቧራው ከላይ እየተንከባለለ ይመጣል። እሷ ጋ ሲደርስ መሪውን ጠምዝዞ ቁልቋሉ ውስጥ ገባ።

ሰሊሃ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ተነሣች።

«ሞትክ?»

«ገና አላወቅኩም» አለ ድምፁ ከቁልቋሉ ውስጥ። «እስቲ መጀመሪያ ብስክሌቱን እዪልኝ።»

አየችለት። «ጎማው እየዞረ ነው።»

«እንግዲያው አልሞትኩም።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልጁ ወጣ፤ እጁ፣ ትከሻው፣ አንገቱ ሁሉ እሾህ ለብሷል። እንደዚያም ሆኖ ይስቃል። ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ ድንጋዩ ላይ አኖረችለት።

«ራስህ አውጣው፤ እኔ እጅህን አልነካም።»

«ጀርባዬ ላይ ያለውንስ?»

«ሚስትህ ታውጣልህ።»

«የለችኝም።»

«እናትህ ታውጣ።»

«እሷም የለችም» አለ፤ መርፌውን አንሥቶ ወደ ክንዱ አቀረቀረ።

ሰሊሃ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ያን ጊዜ ነው ፊቱን በደንብ ያየችው፤ ዓይኑ የሚያሳዝንና የሚያስቅ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሁለቱም ለመሄድ አልቸኮሉም።

«አክስት አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «አልዩ አምባ። አፊፋ ትባላለች።»

«የእማማ አፊፋ የወንድም ልጅ ነህ እንዴ? ፈረጅ?» ሰሊሃ ደነገጠች። የእማማ አፊፋ ቤት ከቤቷ ጀርባ ነው። ልጅ ሆኖ ወደ ደብረ ብርሃን የሄደውን ያን ከሲታ ልጅ በደብዛዛው ታስታውሰዋለች። «እኔ ሰሊሃ ነኝ፣ የሸህ አብዱልሀሚድ ልጅ።»

«አውቄሻለሁ» አለ ፈረጅ። «ባላውቅሽማ ቁልቋሉ ውስጥ አልገባም ነበር።»

ውሸቱን መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ደስ አላት።

ከዚያ ወዲህ ፈረጅ ለአክስቱ ሱቅ ባትሪ ድንጋይና የፋኖስ ክር ማምጣት አበዛ። ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ጎረቤላ ይደርሳል፤ ከዚያ ያን ቁልቁለት እንደ ውኃ ይወርደዋል። በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ ለእሱ በሁለት ሶላት መሐል ያለውን ጊዜ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰሊሃ ከጓሯቸው ጫፍ ቆማ አቧራውን ታያለች፤ አቧራው በመንገዱ ጥምዝ ዞሮ ሲጠፋ ትንፋሿ ይጠፋል፣ ሲወጣ ይመለሳል። ወደ ላይ ሲመለስ ግን ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጎብጦ፣ ቀኑን ሙሉ ይወጣ ነበር።

«ስንት ይመዝናል ይሄ ጉድህ?» አለችው አንድ ቀን። እማማ አፊፋ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈለቅቃሉ፤ የሚያዩ አይመስሉም፣ ግን ምንም አያመልጣቸውም።

«ካንቺ ይከብዳል።»

«መቼ አንሥተኸኝ ታውቃለህና!»

እማማ አፊፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈረጅ ሳቀና ብረቱን መታ መታ አደረገው። «አንድ ቀን ብረት ያልሆነ ይሠራል። እንደ ሸምበቆ የቀለለ፣ እንደ ብረት የጠነከረ። አንቺ በአንድ እጅሽ ትይዥዋለሽ፣ በሌላው እኔን።»

«ከምን ይሠራል?»

«ከምን እንደሆነ ባውቅማ እስካሁን ሠርቼው ነበር።»

አውድማው ላይ ወስዶ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጧት ያውቃል። ጫፉ ላይ ትንሽ ተዳፋት አለ። መቀመጫውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ «ወደ ጎማው አትዪ፣ ልትሄጂ ወደምትፈልጊበት እዪ» ይላታል። አንድ ጊዜ ለቀቃት። ሰሊሃ መልቀቁን ያወቀችው ድምፁ ከሩቅ ሲመጣ ነው፤ ነፋሱ ሻሿን ገፎ ወሰደው፣ ጮኸች፣ የገለባው ክምር ላይ ወደቀች። ወድቃ ስትስቅ ፈረጅ ከላይ ቆሞ አያት። እጁን አልዘረጋላትም፤ እማማ አፊፋ ከአውድማው ዳር ሆነው ያያሉ። ግን ያ አስተያየቱ ከእጅ ይበልጥ ነበር። በዚያች ሰዓት ሰሊሃ ይህን ሰው ካላገባሁ ሌላ አላገባም ብላ በልቧ ቆረጠች።

በዚያ ቁልቁለት ከጥንት የኖረ ሥርዓት አለ። የሚወርድ ለሚወጣ ይቆማል። ጥምዙ ላይ ከመድረሱ በፊት «የሚመጣ አለ ወይ?» ብሎ ይጣራል፤ መልስ እስኪያገኝ ወይም ዝም መባሉን እስኪያረጋግጥ የገደሉን ወገን ለሚወጣው ጭነት ለቆ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ፈረጅ ሲወርድ ተጣርቶ ነበር። መልሱን ግን አልጠበቀም። ከታች ሰሊሃ ነበረች።

ኃይለ ገብርኤል የሚባል የአንኮበር ገበሬ በበቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ እየወጣ ነበር። በቅሎዋ ያን የሚንከባለል ብረት ስታይ በረገገች። ሰውየው ልጓሙን በጊዜ ለቀቀ እንጂ አብሮ በሄደ። በቅሎዋ ከነአሞሌዋ ገደል ገባች።

ዘመኑ የሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ነገሩ ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ቢሄድ የፈረጅ ነገር አለቀ፤ ጥፋተኛና ላጤ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ማሟያ እንዲሆን ሊቀመንበሩ የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም ሽማግሌ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። እማማ አፊፋ የራሳቸውን በቅሎ ለኃይለ ገብርኤል ሰጡ፤ ኃይለ ገብርኤልም ነገሩን ቀበሌ ላያደርስ ተስማማ። አንድ ነገር ግን ጠየቀ።

«ከአፋፉ ጀምሮ እስከ ታች ወንዙ ድረስ በዚያ ነገር ላይ ተቀምጦ እንዳይወርድ። ሲገፋው ይግፋው፣ ሲሸከመው ይሸከመው። ይማልልኝ፤ ዋስም ይጥራልኝ።»

ፈረጅ ማለ። ዋስ ሲባል ግን ዙሪያውን ተመለከተ። አባቱ ሞቷል፣ አጎት የለውም፤ በሴት ዋስነት ሽማግሌ አይስማማም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሰሊሃ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ጀርባ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«እኔ ዋስ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቷ ሸህ አብዱልሀሚድ ነበሩ። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ከአባቱ ጋር አዋሽ ድረስ ግመል ነድቻለሁ። ልጁ ከተቀመጠበት፣ እኔ ከዛሬ ወዲያ በዚህ ዋርካ ሥር አልቀመጥም፤ ቃሌም ቃል አይባል።»

ሰሊሃ ከደስታዋ ብዛት ያለቀሰችው እዚያው አጥሩ ሥር ነው። ለአባቷ ግን ፈረጅ ገና የወዳጅ ልጅ እንጂ አማች አለመሆኑን ረስታው ነበር።

ፈረጅ ከዚያ በኋላ በእግሩ መውረድ ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎም መምጣት አልቻለም። በየኬላው ወጣት ይታፈሳል። ሽማግሌ ላክ ስትለው ያፍራል፤ «ትናንት አንገታቸውን የሰጡልኝን ሰው ዛሬ ልጅዎን ስጡኝ ልበላቸው? ትንሽ ይቆይ» ይላል። ትንሽ ሲቆይ ዓወል መጣ።

ዓወል ክፉ ሰው ቢሆን ታሪኩ ይቀል ነበር። ክፉ አልነበረም። የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዕድሜው ውትድርናን ያለፈ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ያለው አባት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሸህ አብዱልሀሚድ ለሽማግሌዎቹ እሺ አሏቸው። ጋብቻው የሚታሰርበት ኒካሕ ለሐሙስ ተቆረጠ።

ሰሊሃ አባቷ ከሶላት ሲነሡ ጠብቃ ፊታቸው ተንበረከከች።

«አባ፣ እኔ ሌላ ሰው አለኝ።»

ሸህ አብዱልሀሚድ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ማነው?»

«ዋስ የሆኑለት።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር። አባቷ ግን ጢማቸውን ነካኩ፤ ፈገግ ያሉም መሰላት።

«ታዲያ ምነው ዋስ ሲያጣ እኔን አገኘ፣ ሚስት ሲፈልግ እኔን አጣ?»

«አፍሮ ነው፣ አባ።»

«እንግዲህ ስሚኝ። ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ። ግን ልጄን አንገቷን አስደፍቼ አልድርም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት ራሱ በደጄ ገብቶ በአፉ ይንገረኝ፤ እሰማዋለሁ፣ የዓወልንም ሰዎች እኔ አነጋግራለሁ። ከዐስር በኋላ ግን አላውቅልሽም።»

ሰሊሃ ወደ እማማ አፊፋ በረረች። እማማ አፊፋ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ዘመዳቸውን አስጠሩና መልእክቱን በቃሉ አስጠኑት። ሰሊሃ እጃቸውን ያዘች።

«በብስክሌቱ ይምጣ በሉት። ስለ እኔ ብሎ።»

«ያባትሽ ዋስነትስ?»

«ሰው ሳያየው ይወርዳላ።»

«በዚያ ቁልቁለት ሳይታይ የሚወርድ ነገር አላውቅም፣ ልጄ» አሉ እማማ አፊፋ። ቢሆንም መልእክቱን እንዳለችው ላኩላት። ሴት ናቸው፤ ልጅቷን ያውቋታል።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። ሰሊሃ ጓሮው ጫፍ ላይ ቆማ፣ ሒና የተቀባ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ታያለች። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ተሰገደ። አፋፉ ላይ ማንም የለም። ፀሐይ ዘንበል ማለት ጀመረች። ማንም የለም።

ኬላው ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ወጣቱን ሁሉ ሲያስወርዱ፣ ፈረጅ ብስክሌቱን ከጣሪያ አውርዶ በገብስ ማሳ መሐል አምልጦ፣ የቀረውን መንገድ እየነዳ እንደመጣ ያን ጊዜ አታውቅም።

ድንገት አፋፉ ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ። ያ ሰፊ መሪ ነው! ከዚያ ሁሉ ርቀት ሰው ከጉንዳን አይበልጥም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች። ዐስር ገና ነው። አሁን ቢለቀው ይደርሳል፤ ደርሶም ፊቱን ታጥቦ ይገባል። ሰሊሃ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

ብልጭታው ከአፋፉ ጫፍ ደርሶ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ከዚያ ያቺ ጉንዳን ከብስክሌቱ ወረደች። ብረቱን ከድንጋይ ላይ አስደገፈችው። በእግሯ መሮጥ ጀመረች።

«ተቀመጥበት!» ብላ ጮኸች ሰሊሃ። «ተቀመጥበት እንጂ!»

ማን ይሰማታል? ነጥቧ ጥምዙን ዞረች፣ ጠፋች፣ ወጣች። ይሮጣል፤ ግን በእግር ነው። በእግር የሚሮጥ ሰው በዚያ መንገድ ዐስርን አይቀድምም፤ ይህን የአልዩ አምባ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሰሊሃ ቆማ ስታይ ውስጧ እየተቃጠለ መጣ። ስለ እኔ ብሎ ብያለሁ እኮ። ከእኔና ከአንድ የሞተች በቅሎ የትኛው ይበልጥበታል? እኔ አባቴ ፊት ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩለት፤ እሱ ብስክሌቱ ላይ መቀመጥ አቃተው? መንገዱን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

የዐስር አዛን ተባለ።

የወንዶቹ ሶላት ያን ቀን ረዘመ። ከሶላቱ በኋላ ዱዓው ረዘመ። አባቷ እንግዶቹ ዳግም ይብሉ ብለው አዘዙ። ሰሊሃ ይህን ሁሉ ሰምታ ልብ አላለችውም። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ወደ ሴቶቹ ክፍል ደጃፍ መጡ።

«ሰሊሃ፣ የአብዱልሀሚድ ልጅ፣ አባትሽ ለዓወል ኒካሕ ሊያስሩልሽ ነው። ትስማሚያለሽ?»

ሕጉን ሁሉም ያውቃል። ያላገባች ልጅ አፏን አውጥታ እሺ እንድትል አትገደድም፤ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። እንቢ ካለች ግን አለቀ፤ ኒካሕ የለም።

ሰሊሃ መሬት መሬት አየች። እማማ አፊፋ ጎኗን ነካ አደረጓት። «ተናገሪ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጁ መንገድ ላይ ነው፤ ተናገሪ እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ ደግመው ጠየቋት። አሁንም ዝም አለች። ጥርሷን ነክሳ ነበር። ልናገርለት? እሱ ለእኔ ምን አደረገልኝ?

ሦስተኛ ጠየቋት። ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተመለሱ፤ ወዲያው ከወንዶቹ በኩል ኒካሑን የሚያጸናው የፋቲሐ ድምፅ ተሰማ።

ፈረጅ የደረሰው ሳህን ሲነሣ ነው። ሰሊሃ በመጋረጃው ቀዳዳ አየችው። አቧራው እስከ ጉልበቱ ነው፤ አንዱ ጫማው ተቀዶ ጣቱ ይደማል። በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ።

«በምን መጣህ?» አሉት ሸህ አብዱልሀሚድ።

«በእግሬ።»

«ብስክሌትህስ?»

«አፋፉ ላይ ትቼው መጣሁ። ከዚያ ወዲህ የእርስዎ ቃል ነው ያለው፤ በሰው ቃል ላይ አልነዳም።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሳህኖቹን አየ፣ አዲሱን ልብስ የለበሰውን ዓወልን አየ። «ዘገየሁ መሰለኝ።»

ሸህ አብዱልሀሚድ ብድግ ብለው እጁን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡት፤ በእጃቸው አጎረሱት። አኘከና ዋጠ። ከዚያ ወደ ዓወል ዞሮ፣ «መብሩክ፤ አላህ በረካ ያድርግላችሁ» አለ። ለሰው ይምሰል ብሎ አልነበረም ያለው፤ ሰሊሃን የገደላትም ይኸው ነው። መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛ ቀረች። ከብስክሌቱ የወረደው ለበቅሎዋ አልነበረም፣ ለእሷ አባት ነበር፤ ይህን ያህል ነገር ጉንዳን ሲያክል ከሩቅ አይታው እንዴት እንዳልገባት አሁን አይገባትም። ልጥራው አለች። ኒካሑ ግን ታስሯል። ፈረጅ አመስግኖ ተነሣና ወደ ዳገቱ ሄደ።

ለመልስ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመጣ አባቷ ከዓወል ጋር የወጉን ተጨዋወቱ፣ ከዚያ እሷን ብቻዋን አስቀሯት። እንደወጉ ጤናዋን ጠየቋት፣ ስለ ቤቷ ጠየቋት። ከዚያ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳያነሡ ነገሯት፤ ፈረጅን የዚያኑ ዕለት ሌሊት ጎረቤላ ሲደርስ አፍሰውታል። ኃይለ ገብርኤል ራሱ ቀበሌ ድረስ ሄዶ «ልጁን ተዉት፣ ቃሉን የጠበቀ ነው፣ ከአፋፉ በእግሩ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ለምኖ ነበር፤ አልሰሙትም። በመኪና ጭነው ወደ ሰሜን ወስደውታል። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

ሰሊሃ እንባዋ ጉልበቷ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«በብስክሌቱ ቢመጣ ኖሮ ከደጄ እመልሰው ነበር» አሉ ሸህ አብዱልሀሚድ። «በእግሩ እንደሚመጣ ገምቼ ነው ሶላቱን ያስረዘምኩት፤ ምግቡን ያስደገምኩት። ምስክሮቹን ሦስት ጊዜ ጠይቋት ያልኳቸውም እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። እንቢ ትያለሽ ብዬ ደጃፉ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። እንቢ ብትይ ሰዎቹን እሸኝ ነበር፣ እሱም ይደርስ ነበር። ለምን ዝም አልሽ፣ ልጄ?»

«ተቀይሜው ነበር፣ አባ።»

«በምን?»

«በእግሩ በመምጣቱ።»

ሸህ አብዱልሀሚድ ሌላ አልጠየቋትም። ውጭ ዓወል በቅሎዎቹን ጭኖ ጨርሶ ይጠብቃት ነበር፤ ፊቷን በሻሿ ጠርጋ ተነሣችና ሄደች።